በሟች መቅናት

በሞተ ሰው አይቀናም የሚሉኝ ሁሉ ባላንጣቸው በሕይወት ያለላቸው ሰዎች ናቸው። በሕይወት ያለ ባላንጣ እኮ በረከት ነው። ያረጃል፣ ይመለጣል፣ ሆዱ ይገፋል፣ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት የማይረባ ነገር ይናገርና ትገላገለዋለህ። የሞተ ባላንጣ ግን እንዳማረበት ይቀራል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የኔው ደግሞ ሲበዛ ደግ ሰው ነበር። የገደለኝም ደግነቱ ነው።

ሁለታችንም ሞርሞኖች ነን። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወጣት ወንዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ለሁለት ዓመት ወንጌል እንዲሰብኩ ይላካሉ፤ እኔን ከሱ ጋር አጣመሩኝ። እሱ የሀብታም ልጅ፣ የወደፊት የድልድይ መሐንዲስ። እኔ የመስታወት ቆራጭ ልጅ፣ የወደፊት መስታወት ቆራጭ። በአንድ ክፍል አደርን፣ ከአንድ ሳህን በላን፣ ከአንድ በር ተባረርን። ትኩሳት ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ ሸሚዜን ሳይቀር ይተኩስልኝ ነበር። የእናቴ ልጅ ወንድም የለኝም፤ ወንድም ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት በሱ ነው።

አንዲት አስተማሪ ሲያገባ ምስክሩ እኔ ነበርኩ። በቤተ መቅደሳችን የሚጋቡ ሰዎች «ሞት እስኪለያችሁ» አይባሉም። ለዚህኛውም ለወዲያኛውም ዓለም ይታተማሉ፤ ሞት ያንን ማኅተም አይፈታውም። ለሥርዓቱ ያኔ ሁለት ወንድ ምስክሮች ያስፈልጉ ነበርና እኔ ነጭ ለብሼ በአንደኛው ወንበር ቁጭ አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ትልልቅ መስታወቶች ፊት ለፊት ተሰቅለዋል። ሙሽሮቹ መሐል ሲሆኑ ምስላቸው በምስላቸው ውስጥ፣ ያም እንደገና በሌላ ምስል ውስጥ እየተደጋገመ ማለቂያ ያጣል። ዘላለም ማለት ይህ ነው ለማለት ነው። እኔ ያኔ ያየሁት የመስታወቱን ጥራት ነበር። «አንዲት እንከን የለባትም» አልኩ በልቤ። የገዛ መከራዬን እየመሰከርኩ መሆኔን ማን ይንገረኝ።

ዘንድሮ ቅናቱ ሲብስብኝ ሙያዬን መድኃኒት አደረግሁት። መስታወት በመስታወት ውስጥ ሲታይ እየራቀ በሄደ ቁጥር አረንጓዴ እየመሰለ፣ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው። «ማለቂያ የለውም ያላችሁት ውሸት ነው!» እላለሁ ብቻዬን፣ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብዬ መስታወት ስቆርጥ። ሞኝነት እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋም ይጨብጣል።

ጓደኛዬ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። አስተማሪዋ፣ እኔም እንደ ሁሉም ሰው እማማ ከምላቸው ከእናቱ ጋር፣ በቤተሰቡ ሰፊ ቤት ቀረች። ነፋስ የሳሎኑን መስኮት የሰበረ ጊዜ ጠሩኝ። መስኮቱን ስጨርስ በሩ ላይ ስንጥቅ አገኘሁ። በሩን ስጨርስ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ዳርዳሩን እንደጠቆረ ታየኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያልተሰበረውን ሰብሬ ለመጠገን ምንም አልቀረኝም ነበር። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መሰላል ላይ ቆሜ ታገኘኛለች፤ ቀና ብላ ታየኛለች፤ እኔም እስቱኮውን ከመስኮቱ ይልቅ ጣቴ ላይ እለቀልቀዋለሁ። አንድ ቀን «ይህ ቤት ስንት መስኮት ነው ያለው?» ብላ ሳቀች። «አይበቃም» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ለሁለታችንም ግልጽ ሆነ።

አግቢኝ አልኳት፤ እሺ አለችኝ። ሰማይ ላይ ወጣሁ፤ የተከሰከስኩትም ከዚያው ከሰማይ ነው። እንደ ደንባችን፣ አንዲት ሴት በሕይወት ሳለች የምትታተመው ለአንድ ወንድ ብቻ ነው። እኔን ልታገባኝ ትችላለች፤ ግን ለዚህ ዓለም ዕድሜያችን ብቻ። ማኅተሟ የሱ ነው። የምንወልዳቸው ልጆችም በዚያው ማኅተም ስር ስለሚወለዱ፣ በወዲያኛው ዓለም የሱ ሆነው ይቆጠራሉ።

ይህን ያስታወሱኝ እማማ ናቸው፤ ያውም ሊመርቁኝ ብለው። ግንባሬን ስመው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄ፣ ጌታ አንተን ያመጣህ በምክንያት ነው። የኔ ልጅ ዘር ሳይተካ ነው የሄደብኝ። እንግዲህ አንተ ትተካለታለህ። እንደ ድሮዎቹ እስራኤላውያን፤ ወንድም ለሞተ ወንድሙ ዘር ያቆም ነበር አይደል? ስሙ አይጠፋም!»

«አሜን» አልኩ። ያለው አፌ ነው። ልቤ ያለውን ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው አይጽፈውም። ገና ያልወለድኩትን ልጅ፣ ገና ባልተሰፋ ልብሱ፣ አንድ መልከ መልካም ሰው እጁን ይዞ ሲወስድብኝ በዓይኔ አየሁ። ልጁም ዞር ብሎ አላየኝም።

* * *

ከሱቄ አጠገብ መነጽር ሠሪው አለ። አይሁዳዊ ሽማግሌ ነው፤ እኔ ትልልቁን መስታወት፣ እሱ ትንንሹን ስንቆርጥ ጎን ለጎን ዓመታት አሳልፈናል። በምሳ ሰዓት እሱ ሻዩን፣ እኔ ትኩስ ውሃዬን ይዘን ደጃፉ ላይ እንቀመጣለን። «እኛን አሳማ ከለከለን፣ እናንተን ሻይና ቡና» ይለኛል። «አምላክ የወደደውን ሕዝብ አንድ ነገር ሳይነጥቅ አያልፍም።» ስለ ሃይማኖት ስንከራከር ሰው የተጣላን ይመስለዋል። ኤልያስ ተመልሶ መጥቶ ለቤተ ክርስቲያናችን የማተሙን ቁልፍ ሰጥቷል ብዬ የነገርኩት ቀን ሻዩ ትን አለው። «እኛ እስከ ዛሬ በየፋሲካው በር ከፍተን፣ ጽዋ ሞልተን የምንጠብቀውን ሰው? በናንተ ደጅ መጥቶ፣ እኛ ጋ ጎራ ሳይል ተመለሰ?» አለኝ፤ የእውነት ነው የከፋው። ለሞቱ ሰዎች በስማቸው እንደምንጠመቅላቸውም ያውቃል። «እኔ ስሞት ስሜን እንዳትነኩ፤ ዋና አልችልም» ብሎ አስምሎኛል።

ያን ቀን ግን ውሃዬ ሲቀዘቅዝ አይቶ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። ዘረገፍኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ።

«ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው» አለኝ። «ሕጉ አለ። ወንድማማቾች አብረው ሲኖሩ አንዱ ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ሚስቱ ለባዕድ አትሰጥም። ወንድሙ ያገባታል፤ የበኩር ልጃቸው በሟቹ ስም ይቆማል።»

«ወንድምየው እምቢ ቢልስ ጋሼ?»

«እምቢ ካለ ሽማግሌዎች ፊት ትወስደዋለች። ጫማውን ከእግሩ ታወልቃለች፤ እንትፍ ትልበታለች። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጫማው የወለቀበት ሰው ቤት ተብሎ ይጠራል።»

«ጉድ ነው! ዛሬም?»

«ኋላ ኋላ ሊቃውንቶቻችን ማግባቱን ተዉትና ጫማ ማውለቁን ብቻ አቆዩ። አያቴ ላይ ተደርጓል። ለዚሁ ተብሎ የተሰፋ ባለ ጠፍር ጫማ አለ፤ ሴትየዋ በቀኝ እጇ ብቻ ነው የምትፈታው። አያቴ ያን ቀን እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር ይሉናል። ጠፍሩ ከተፈታ በኋላ ግን እሷ ነፃ ናት፤ የፈቀደችውን ታገባለች።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «አየህ፣ እኛ ሞት ሳይፈታው የቀረ ቋጠሮ ካለ እንፈታለን። እናንተ ሞት የፈታውን መልሳችሁ ትቋጥራላችሁ።»

«የቱ ይሻላል?»

«ለማን? ለመበለቷ ነው ወይስ ለቀናተኛው?»

የቀዘቀዘ ውሃዬን ደፍቼ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው አንዲት ቃል ነበረች፦ ነፃ። የኛም ማኅተም ቢሆን የማይነሳ አይደለም። ሴትየዋ ራሷ ካመለከተች፣ የቤተ ክርስቲያኗ የበላይ መሪዎች ከፈቀዱ፣ ሊሰረዝ ይችላል። ይህን ከድሮም አውቃለሁ፤ ማወቄን ለራሴ እንኳን ሳልናገር ነው የኖርኩት።

ፊት ለፊት እንዳልነግራት ዓይኗን ፈራሁ። ስለዚህ ጻፍኩላት። «ከሱ ጋር የታተምሽውን አሰርዢና ከኔ ጋር ታተሚ። ግማሽ ባል አልሆንም። ልጄንም ለሙት አላውስም። እኔንና እሱን ማስተያየት ካለብሽ አሁኑኑ አስተያዪን።» የመጨረሻዋን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት፤ ቆንጆ መሰለችኝ። ቅናት ሰውን ጸሐፊ ነኝ ያሰኘዋል። እሷ ትምህርት ቤት እንዳለች ሄጄ በበሩ ስር አሾለክሁት፣ ወዲያውም እጄን ሰድጄ መልሼ ማውጣት አማረኝ። ጣቴ አልደረሰም። እየከፋኝ ተመለስኩ።

* * *

መልስ አልመጣም። መጣች እንጂ እሁድ፣ ልታስተምር።

የእሁድ ትምህርታችንን የምትሰጠው እሷ ናት። ዘንድሮ የምናጠናው ብሉይ ኪዳንን ነው፤ ተራው የደረሰውም፣ ከዕድሌ መጣመም የተነሳ፣ ለሩት ታሪክ ነበር። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። እማማ ከፊት ናቸው። እሷ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ መጽሐፏን ገለጠች፤ ክፍሉን በሙሉ በዓይኗ ዳሰሰችና እኔ ጋ ስትደርስ ዘለለችኝ። ሰው ሰድቦኝ ያውቃል፣ ደንበኛ ጮኾብኝ ያውቃል፤ እንደዚያች መዘለል ግን ያመመኝ የለም።

«ሩት ባሏ የሞተባት መበለት ናት» አለች። «ከአማቷ ከኑኃሚን ጋር መጥታለች። ቦዔዝ ሊያገባት ይፈልጋል። ግን ከሱ የቀረበ አንድ ዘመድ አለ፤ መብቱ በቅድሚያ የሱ ነው። ቦዔዝ በከተማው በር አስቀምጦ ጠየቀው። የሟቹን እርሻ ትገዛለህ? ሲለው እገዛለሁ አለ። ሩትም አብራ አለች፣ የሟቹንም ስም ታቆማለህ ሲለው ግን አይሆንልኝም ብሎ ጫማውን አወለቀ። ለምን ይመስላችኋል?»

«ሚስት ከእርሻ ይልቅ ስለምታለፋ ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው፣ ክፍሉ ሳቀ።

«የገዛ ርስቴን እንዳላበላሽ ነው ያለው» አለች አንዲት ልጅ እግር፤ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ።

«ታዲያ ልክ ነበር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔ ነበር። ሁሉም ዞሮ አየኝ። «ልክ ነበር እላለሁ። ሰውዬው ምን አጠፋ? የገዛ አብራኩን ክፋይ ለሌላ ሰው ስም አሳልፌ አልሰጥም አለ። ይሄ ኃጢአት ነው?»

እማማ ብቻ ሳይዞሩ አንገታቸውን ደፉ።

«ስሙ ማን ነበር?» አለች አስተማሪዋ።

«የማን?»

«የዚያ ልክ የነበረው ሰውዬ። መጽሐፉ እጅህ ላይ ነው፤ ንገረን።»

ፈለግሁ። የቦዔዝ ስም አለ፣ የሟቾቹ ስም አለ፣ የአማትየው አለ። ሰውየውን ግን ቦዔዝ ሲጠራው «አንተ እገሌ» ነው የሚለው፤ ሌላ ምንም የለም። ጆሮዬ ጋለ።

«የለም» አልኩ።

«የለም» አለች። «የራሴ እንዳይነካብኝ ብሎ ሄደ። ማንም ክፉ አላለውም። ማንም ግን አላስታወሰውም።» ይህን ስትል እኔን አላየችም፤ መስኮቱን ነበር የምታየው። ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ሲሰበር የሰማሁት እኔ ብቻ መሰለኝ። ተሰናበተችኝ አልኩ። በሰው ፊት፣ በጥቅስ፣ ተሰናበተችኝ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ኤጲስ ቆጶሳችን ጠራት። የኛ ኤጲስ ቆጶስ እንደማንኛችንም ሠርቶ አዳሪ ነው፤ በአዘቦት ቀን ጥርስ ይነቅላል። ቢሮው አስገብቷት በሩን ዘጋ። እማማ ኮሪደሩ ላይ ባለው ወንበር ተቀምጠው መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገዋል። በአንድ ጊዜ ገባኝ፦ ለካ አልተሰናበተችኝም። ማሰረዣውን እየጠየቀች ነው! ፈታችው! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም አለኝ። ያፈርኩት በደስታዬ ነው።

* * *

አዳራሹ ውስጥ ወንበር እያጠፍኩ ሳለሁ መጣች። ሰዉ ወጥቷል። አጥፌ የደረደርኳቸውን ወንበሮች ተደግፋ ቆመች።

«ጠየቅኋቸው» አለች።

«ምን አሉሽ?»

«ምክንያት ጠየቁኝ። በድሎሽ ነበር? አሉኝ። አይ። ዋሽቶሽ፣ ትቶሽ ነበር? አይ። ታዲያ ለምን ልትሰርዢው ፈለግሽ? አሉኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ምን ልበላቸው? አንድ ወንድም ስለቀና ነው ልበላቸው?»

«እና ተውሽው።»

«ተውኩት።»

«እሱን መረጥሽ በይኛ!»

«መምረጥ አይደለም!» ብላ ጮኸች። ጮኻ አታውቅም፤ እኔም ደነገጥኩ፣ እሷም ደነገጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሱ መናገር አይችልም። አይገባህም? አይሆንም ማለት፣ እሺ ማለት፣ ለምን ማለት አይችልም። መልስ መስጠት የማይችልን ሰው ለምቾቴ ብዬ ከፈታሁት፣ ነገ አንተ አፈር የለበስክ ቀን ማን ያስጥልሃል? አንዱ መስኮት ጠጋኝ መጥቶ ባልሽን ፍቺልኝ ቢለኝስ? የሱን የፈታ እጅ ያንተን አይፈታም ያለህ ማነው?»

መልስ ያጣ ቀናተኛ አርፎ አይቀመጥም፣ ሌላ ድንጋይ ይፈልጋል።

«እሺ። ሁላችንም ከሞትን በኋላስ? ያኔ በሕይወት ያሉት ለሁለታችንም ሊያትሙሽ ይችላሉ፤ መጨረሻው በጌታና ባንቺ ፈቃድ ነው ይላሉ። እዚያ ስንደርስ ማንን ትመርጫለሽ?»

«አላውቅም።»

«ለማባበል ያህል እንኳን አንተን አትዪም?»

«ውሸት የምትነግርህ ሴት ከፈለግክ ሞልታልሃለች።» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «አላውቅም። እሱን ወድጄው ነበር። አንተን እወድሃለሁ። እዚያ ምን እንደምሆን አላውቅም። ደግሞ ቀናተኛው አንተ ሆንክና! እኔ ነገ ብሞት አንተ ሌላ አግብተህ ለሷም ለዘላለም ትታተማለህ። ለወንድ ተፈቅዷል። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ጣውንቴን እጠብቃለሁ፤ እንደ ልያ፣ እንደ ሐና። አንድ ቀን ተናግሬህ አውቃለሁ? ግን አውቃታለሁ። ፊቷን አውቀዋለሁ። ረጅም ናት፤ ስትስቅ ራሷን ወደ ኋላ ትጥላለች። በባዶ ሜዳ ስንት ጊዜ ጠልቻታለሁ መሰለህ!»

ክው አልኩ። አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። በዓለም ላይ ያለው ቅናት በሙሉ የኔ የግል ንብረት ይመስለኝ ነበር። እጄን ዘረጋሁ፤ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ይሄን አላውቅም የሚል መልስ ይዘህ መኖር ከቻልክ ና። ካልቻልክ አትምጣ፤ አልቀየምህም። ደብዳቤ ግን እንዳትጽፍልኝ። ጽሑፍህ አያምርም።»

ሄደች። የተረከዟ ድምፅ ኮሪደሩን አልፎ እስኪጠፋ ሰማሁት። አንዲት የቀረች ወንበር ነበረች፤ አጥፌ ከመደርደር ይልቅ ተቀመጥኩባት። ሰው የምትወደው ሴት እያለችው እንዲህ ብቸኛ ይሆናል አልልም ነበር።

* * *

ትዕቢት ሲወስን ቆራጥ ነው። በሳምንቱ አጋማሽ እኔም ወሰንኩ፦ አልችልም ልላት ነው። ባዶ እጄን ግን አልሄድም። የሩትን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብቤ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ሩት ከወለደች በኋላ በተጻፈው የትውልድ ሐረግ ላይ የሟቹ ስም የለም! ልጁን ወለደ የተባለው ቦዔዝ ራሱ ነው። ይህን ያገኘሁ ጊዜ ከወንበሬ ብድግ ብያለሁ። «ይኸው መጽሐፉ ራሱ ለአባቱ ሰጠው» ብዬ እማማ ፊት እዘረጋውና፣ ጫማዬን አውልቄም ቢሆን፣ አሸንፌ እወጣለሁ ብዬ ሄድኩ።

እማማን ያገኘኋቸው ደጅ ነው። ኮታቸውን ለብሰው፣ ትልቅ ሻንጣ አጠገባቸው አቁመው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል።

«ወዴት ነው እማማ?»

«እህቴ ጋ። ታክሲ ጠርቻለሁ።» ቀና ብለው አላዩኝም። «ቤቱን ልልቀቅላችሁ ብዬ ነው። እሷ አልሰማችም፤ ትምህርት ቤት ናት። አንተም ደህና ጊዜ መጣህ፤ ቁልፉን ተቀበለኝ።»

«ማን ውጡ አለዎት?»

«ማንም። እሁድ ዕለት የተናገርከውን ሰማሁ። ደግሞ አልፈርድብህም፤ ሰው የገዛ ልጁን ቢሳሳ ምን ይገርማል።» መሐረባቸውን ጨብጠው ለቀቁት። «ልጁ የልጄ ይሁን ያልኩህ ለልጄ መስሎህ ነው? እሱማ ጌታ ዘንድ ነው፤ ምን ይጎድልበታል? ለኔ ነው እንጂ። እናንተ ተጋብታችሁ ወልዳችሁ ስትኖሩ እኔ በዚህ ቤት ምንድን ነኝ? የምራቴ የድሮ ባል እናት። ለምትወልዱት ልጅ ምኑ ነኝ? ምኑም። ልጁ የልጄ ከሆነ ግን አያቱ ነኝ። አያት ደግሞ አትባረርም።»

ያዘጋጀሁትን ጥቅስ ዋጥኩት።

«ቀንቼብህም ነበር» አሉ፤ አሁን ቀና ብለው አዩኝ። «ያን መስኮት የገጠምክ ሰሞን። ከማዕድ ቤት ሆኜ ስትስቅ ሰማኋት። ልጄ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ደስ አለኝ፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ደግሞ ላንቅህ ፈለግኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ልጄን ሁለተኛ የቀበርክብኝ መሰለኝ።»

አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ በሟች ስቀና፣ እሳቸው በኔ ይቀኑ ኖሯል። እሷ ገና ባልመጣች ሴት ትቀናለች። በዚያ ቤት ውስጥ በሰው ያልቀና ሟቹ ብቻ ነበር።

«እማማ» አልኩ። «የሩትን ታሪክ ጨርሼ አነበብኩት። ስትወልድ ጎረቤቶቹ ምን አሉ መሰለዎት?»

«ምን አሉ?»

ላሳያቸው የመጣሁት መስመር ሌላ ነበር። ያ መስመር አሁንም እዚያው አለ፤ የሚፈልገው ሰው ያንብበው።

«ለሟቹ ልጅ ተወለደለት አላሉም። ለቦዔዝ ተወለደለትም አላሉም። ለኑኃሚን ልጅ ተወለደላት ነው ያሉት። ለአያትየዋ። ታቅፋው፣ ሞግዚት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። እሁድ ዕለት አልደረስንበትም እንጂ ተጽፏል።»

«ለኑኃሚን» አሉ እማማ ለራሳቸው፤ ከዚያም መሐረባቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። እጄን ትከሻቸው ላይ አደረግሁ። ታክሲው መጥቶ ጥሩንባ ሲነፋ በእጄ ምልክት ሂድ አልኩት፤ ተሳድቦ ሄደ።

እማማን ደግፌ አስገባኋቸውና ለሻንጣው ተመለስኩ። ምን እንደከተቱበት እንጃ፣ እንደ ምሰሶ ይከብዳል። ተሸክሜው በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ እርምጃ ሰማሁ። አስተማሪዋ ናት፤ የተማሪዎቿን ደብተር ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆማለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የእማማ ሻንጣ።»

«ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«የትም። ወደ ቤታቸው እየገቡ ነው።»

ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች፣ የቀላውን ዓይኔን አየች። ብዙ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም በዓይኗ ነው።

«አላውቅም ያልሽኝ መልስ አልተለወጠም?» አልኳት።

«አልተለወጠም።»

«እንግዲያው እዚያ ስንደርስ እንደገና እጠይቅሻለሁ።»

«ሁለታችሁም ትጠይቁኛላችሁ» አለች ቀስ ብላ።

ሁለታችሁም! የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ከጎኔ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ ታየኝ። ይሄ ነገር መቼም አይለቀኝም። ልጅ ወልጄ ስስመው፣ ሸብቼ፣ አርጅቼም ይኼው ነኝ።

ፊቴን አንብባው ኖሯል። «ቅናቱስ?» አለችኝ።

«አለ። ይኸው አሁንም ተነሳ።»

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?»

«ምን አውቃለሁ! ይዤው እኖራለሁ እንጂ የት እጥለዋለሁ?»

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። ደብተሮቹን በአንድ እጇ ጨብጣ፣ በሌላው እጇ ሻንጣውን ከበታች ደገፈችልኝና በጉልበቷ በሩን ገፋችው።

«በል ግባ» አለችኝ፣ «ብርድ አታስገባብን።»

ከነቅናቴ ገባሁ።